ዋስ በማይጠየቅበት አገር

አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ለመቀጠር የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም ያለፈ ሰው አንድ የመጨረሻ ጭንቅ ይጠብቀዋል፤ ዋስ። ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ ዋስ ሳያቀርብ ወደ ካዝናው አይጠጋም። ያን ሰሞን አጎት ይለመናል፣ የእናት ጓደኛ ቤት ተኪዶ ቡና ይጠጣል፣ ቋሚ ሥራ ያለው ዘመድ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ እንዲያጽፍ ይማለዳል። ዋሱ የሚፈርመው የተቀጣሪውን የሒሳብ ችሎታ ለመመስከር አይደለም። «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ቢያጎድል እኔ አለሁ» ለማለት ነው።

አሁን ያው ሰው ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ ገባ እንበል። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክፍል ተከራይቷል። አዲስ አበባ ብድር ክፍል ዓመታት ሠርቷል፤ በሂሳብ አያያዝ ዲግሪ አለው። እዚህ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር ግን «ለጊዜው ፓርኪንግ ግባ፣ ኡበር ንዳ፤ የባንኩን ነገር እርሳው» የሚል ነው። መካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ኪራይ እንደማይጠብቅ ያውቃሉ። ሹፍርናም ቢሆን ስንቱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ፣ ስንቱን ቤት ያስገዛ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ችግሩ «ለጊዜው» የተባለው አሥር ዓመት ሲሞላው፣ «እርሳው» የተባለው ሙያም የምር ሲረሳ ማየታችን ነው።

ይህ ጽሑፍ ሙያውን መርሳት ላልፈለገው ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገንዘብ ሥራ ለመግባት ለምታስበዋም እንዲሁ፤ አስተማሪ ለነበረችው፣ ነርስ ለነበረችው፣ መርካቶ ሱቅ ለነበራት። ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እዚህ የሚጎድላችሁ እውቀት ጥቂት ነው፤ በብዛት የሚጎድላችሁ ስለ እናንተ የሚመሰክር ነው። አሜሪካ ዋስ አምጡ የሚላችሁ የለም። ዋስነቱ ግን አልቀረም፤ ከሰው ፊርማ ወደ ወረቀትና ወደ መዝገብ ዞሯል። ደስ የሚለው፣ ያንን መዝገብ አጎት ሳትለምኑ በራሳችሁ እጅ መሥራት መቻላችሁ ነው።

ስለዚህ «ከዜሮ ጀመርኩ» የሚለውን አባባል ተዉት። እውነት አይደለም። አንድ የብድር ፋይል አስቡ። አመልካቹ ማን ነው? ገቢው ከየት ይመጣል? ያለበትን ከከፈለ በኋላ ምን ይተርፈዋል? ከራሱ ኪስ ምን ያህል አስገብቷል? ነገሩ ቢበላሽ መያዣው ምን ያወጣል? ቦሌ ቅርንጫፍ ተቀምጣችሁ ይህን ስትጠይቁ ኖራችኋል፤ ሮክቪል ያለው የብድር ሠራተኛም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በቀኑ መጨረሻ ጥሬ ገንዘብን ከመዝገብ ጋር ማስታረቅ፣ የደንበኛን ማንነት ማጣራት፣ አጠራጣሪ ሰነድ ሲያዩ ቆም ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግረው አብረዋችሁ መጥተዋል።

የማይሻገርም አለ። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 አይኤፍአርኤስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ ተቀብላለች፤ የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሠሩት ግን በራሳቸው ጋፕ ነው። ብዙው ይመሳሰላል፣ አንዳንዱ ይለያል፤ ለምሳሌ መጨረሻ የገባውን ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ አድርጎ የሚቆጥረው ዘዴ በአይኤፍአርኤስ ክልክል ሲሆን በጋፕ ይፈቀዳል። የግብር ሕጉ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። እነዚህን መማር ግድ ነው። ይሁን እንጂ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ እንደገና ከመጀመር ጋር አይገናኝም፤ የምታውቁትን ቤት የወንበር አቀማመጥ እንደመልመድ ነው።

አሁን ወደ ዋሶቹ። የመጀመሪያው የክሬዲት ታሪክ ነው። እኛ ዕዳ የሌለበትን ሰው የምናከብር ሕዝብ ነን፤ «የማንም ብር የለብኝም» ማለት በአገራችን ትልቅ ኩራት ነው። እዚህ ግን ተበድሮ የማያውቅ ሰው ጨዋ ተብሎ አይመዘገብም፤ የማይታወቅ ሰው ነው። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስት ድርጅቶች ስለ እናንተ ባዶ ገጽ ይይዛሉ። ፋይኮ የተባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል፤ ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው የሚመዘነው በቀኑ በመክፈላችሁ፣ 30 በመቶው ደግሞ ያለባችሁ ዕዳ ከተፈቀደላችሁ ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር ባለው መጠን ነው። አዲስ መጤ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ጥቂት መቶ ዶላር አስይዞ በሚያወጣው ካርድ ነው። በየወሩ ትንሽ ይገዛበታል፣ ከቀኑ በፊት ሙሉውን ይከፍላል፤ በቃ።

ይህ ለቤትና ለመኪና ብቻ የሚጠቅም የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ብዙ የገንዘብ ተቋማት ከመቅጠራቸው በፊት የአመልካቹን የክሬዲት ሪፖርት ያያሉ። በጽሑፍ ካልፈቀዳችሁ ማየት አይችሉም፤ ሲያዩም የሚያዩት ነጥቡን ሳይሆን ታሪኩን ነው። ባንኮች አሻራም ያስነሣሉ፤ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ በስርቆትና በማጭበርበር የተፈረደበትን ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ባንክ ውስጥ ማሠራት ይከለክላል። ስለዚህ ገና ሥራውን ሳታስቡት፣ በየወሩ በቀኑ የምትከፍሉት የካርድ ሒሳብ ስለ እናንተ እየመሰከረ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሚያሰለች ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ስም። የእኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የአባት ስም እዚህ ሲደርስ የመጨረሻ ስም ይሆናል፣ የአያት ስም አንዳንዱ ወረቀት ላይ አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም። በዲግሪው ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል የተጻፈው ፀሐይ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ተጽፏል። ሰው ሲያየው ያው ሰው ነው፤ መዝገብ ሲያየው ግን ሁለት ሰው ነው። የትምህርት ማስረጃ የሚገመግሙት እንደ ደብልዩኢኤስ ያሉ ድርጅቶችም፣ የቀጣሪው አጣሪም ወረቀቱን ይዘው ይቆማሉ። ገና አገር ቤት ያላችሁ ይህን አስተካክላችሁ ውጡ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆናችሁ የወጪ መጋራቱን ጨርሳችሁ ዋናውን ዲግሪ እጃችሁ አስገቡ፤ ከዋሽንግተን ሆኖ በዘመድ እጅ ሬጅስትራር ማስጠበቅ ዕድሜ ይበላል።

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ብዙ ሰው የሚገባበት በር የቴለር መስኮት ነው። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ገንዘብ ከፋይ ልሁን ሲባል ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔ ግን ግቡበት ባይ ነኝ። የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው፣ ሥልጠናውን ባንኩ ራሱ ይሰጣል። ለሥራው አዲስ የሚያደርጋችሁም ትልልቁ ነገር አይደለም። ሳንቲሙ ነው። አምስት ሳንቲም የሆነችው ኒክል አሥር ሳንቲም ከሆነችው ዳይም ትበልጣለች፤ እጅ በመጠን ስለሚለምድ የመጀመሪያው ሰሞን ይሳሳታል። ቀን ሲጻፍ ወሩ ይቀድማል፤ 3/4 ያለው ቼክ መጋቢት ወይስ ሚያዝያ እንደሆነ ለማወቅ ለአፍታ ትቆማላችሁ። ደንበኛው ደግሞ ስለ አየሩ ያወራችኋል፤ መልሱ ስለ አየሩ ብቻ መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ መሳቢያው አለ። ሥራ ሲጀመር ተቆጥሮ በስማችሁ ይሰጣችኋል፣ ማታ ተቆጥሮ ይመለሳል። ወር ሙሉ ሳያጎድል የሚዘጋ መሳቢያ ለአለቃችሁ ሥራችሁን ያለ ንግግር ይነግረዋል። ቴለርነት ግን መቀመጫ አይደለም። ስልኩና ማሽኑ እየተኩት ስለሆነ የሥራው ቁጥር እየቀነሰ እንደሚሄድ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ራሱ ይተነብያል። ገብታችሁ ዙሪያውን ካያችሁ በኋላ ወደ ብድር፣ ወደ ቁጥጥር፣ ወደ ደንበኞች አማካሪነት ለማለፍ ቀን ቁረጡ። የውስጥ ዝውውር ከውጭ ከማመልከት ይቀላል፤ የሚያውቃችሁ ሰው አለና።

ቃለ መጠይቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጎበዝ ሰው የሚወድቀው በእውቀት ሳይሆን በጨዋነት ነውና። እኛ ራሱን የሚያሞግስ ሰው አንወድም። ጠያቂዋ «ከባድ ደንበኛ ገጥሞሽ እንዴት እንደፈታሽው ንገሪኝ» ስትላት የእኛ ልጅ ምን ትላለች? «እኛ ክፍል እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም ተነጋግረን እንፈታ ነበር።» ትክክል ነው፣ ትሕትናም አለው፤ ጠያቂዋ ግን ወረቀቷ ላይ የምትጽፈው አጣች። እስቲ እንደገና፦ «አንድ አስመጪ የመተማመኛ ሰነዱ ዘግይቶበት ቅርንጫፋችን መጥቶ ጮኸ። አስቀመጥኩት፤ ፋይሉን አብረን ገለጥን። የጎደለው አንድ የኢንሹራንስ ወረቀት መሆኑን አሳየሁት፤ ለሚመለከተው ክፍል ራሴ ደወልኩ፤ በማግስቱ ተላከለት። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ሁሉ ወደ እኛ አዛወረ።» ውሸት የለበትም፣ ጉራም የለበትም። «እኔ» አለበት። ሁኔታው፣ ያደረግሽው፣ የተገኘው ውጤት፤ ይኸው ነው። እንዲህ ያሉ አራት አምስት ታሪኮች ቀድማችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ መስታወት ፊት ተለማመዱ። ረዙሜያችሁ አንድ ገጽ ይሁን፤ ፎቶግራፍ፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ አይግባበት። እያያችሁ ተናገሩ። ዓይን መስበር በእኛ ዘንድ አክብሮት ነው፤ እዚህ ግን የሚደብቀው ነገር ያለ ሰው ያስመስላል።

ሌላው ዋስ ፈተና ነው። አንዳንዱ የአሜሪካ የፋይናንስ ፈተና ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ የት እንደሠራችሁ አይጠይቅም፤ ማለፋችሁን ብቻ ይጠይቃል። ለስደተኛ ከዚህ የተሻለ ፍትሕ አላውቅም።

ሦስቱን ላንሣ። ፊንራ የተባለው የደላላ ድርጅቶች ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኤስአይኢ የተባለ መግቢያ ፈተና አለ። 18 ዓመት የሞላው ማንም ሰው፣ ቀጣሪ ሳይኖረው፣ በራሱ ተመዝግቦ ይፈተናል። የሚቆጠሩት ጥያቄዎች 75 ናቸው፣ ጊዜው አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ፣ ማለፊያው 70፤ ውጤቱ ለአራት ዓመት ይጸናል። አክሲዮን ለመሸጥ ብቻውን አይበቃም፤ ቀጥሎ የሚመጡት እንደ ሲሪስ 7 ያሉ ፈተናዎች ቀጣሪ ድርጅት ይፈልጋሉ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ረዙሜ ላይ «ኤስአይኢ አልፏል» የሚል መስመር ሲታይ አንባቢው ቀና ይላል።

ቤት ማስገዛት የሚስባችሁ ደግሞ የሞርጌጅ ብድር ፈቃድ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴፍ አክት የተባለ ሕግ 20 ሰዓት ትምህርትና አገር አቀፍ ፈተና ይጠይቃል፣ ማለፊያው 75 በመቶ ነው። ባንክ ውስጥ ተቀጥሮ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው ፈተናውን ሳይወስድ መመዝገብ ብቻ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ለእኛ ሰው የተሠራ የሚመስለኝ ነው፤ ኢንሮልድ ኤጀንት። ሙያው ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። መነሻውም ያስገርማል፦ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ለጠፋ ፈረስና ንብረት መንግሥትን ካሳ የሚጠይቅ ሰው በዛ፣ ከዚያ ውስጥ አጭበርባሪው በዛ፣ ስለዚህ ባለጉዳይ ወክሎ የሚቀርበው ሰው ተመርምሮ ይመዝገብ ተባለ። ዛሬ ኢንሮልድ ኤጀንት ማለት በግብር ጉዳይ ማንኛውንም ሰው አይአርኤስ በሚባለው የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ፊት ሊወክል የሚችል ባለሙያ ነው። ዲግሪ አይጠየቅም። ፈተናው ሦስት ክፍል ነው፤ የግለሰብ ግብር፣ የንግድ ግብር፣ የውክልና ሥነ ሥርዓት። አንዱን አልፎ ሌላውን በሌላ ጊዜ መውሰድ ይቻላል። በፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ሌሊት መጽሐፍ ገልጦ የሚያጠና አበሻ ዋሽንግተን አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህ ለእሱ ይስማማል። ሲፒኤ የሚባለው የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ ፈቃድ ከባድና ረጅም ነው፤ ለብዙ ጊዜ 150 የኮሌጅ ክሬዲት ሰዓት ሲጠይቅ ኖሯል፣ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች አሁን ሌላ አማራጭ እየጨመሩ ነው። የሚጎድላችሁን ኮርስ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማታ ማታ መሙላት ይቻላል። ግቡበት፤ ግን መጀመሪያ እግራችሁን ትከሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ባልፍ ኃላፊነት ይጎድለኛል። የፋይናንስ ሥራ እንደምትፈልጉ የሰማ አንድ ወዳጅ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሆቴል አዳራሽ ይጋብዛችኋል። ሙዚቃ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው የመኪናውን ፎቶ ያሳያል፤ «የራስህ አለቃ ሁን» ይባላል። ሥራው የሕይወት ኢንሹራንስ መሸጥ ነው፤ ይህ በራሱ የተከበረ ሕጋዊ ሙያ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ አክስታችሁ፣ የክርስትና አባታችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻችሁ እንዲሆኑ ከተፈለገ፣ ገንዘቡም ከሽያጩ ይልቅ ሌላ ሰው ከማምጣት የሚገኝ ከሆነ፣ ተነሥታችሁ ውጡ። በአገራችሁ ልጆች ዘንድ ያላችሁ አመኔታ ዋና ካፒታላችሁ ነው፤ አንዴ ከተበላ አይተካም። ግብር ለመሥራት የሚቀጥራችሁ ሰው ከሆነ ደግሞ ቅጹ ላይ ስሙን የሚፈርም መሆኑን እዩ። በክፍያ ግብር የሚሠራ ሰው ሁሉ ፒቲን የሚባል የአይአርኤስ መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ የሠራውም ላይ ሊፈርም ይገባል። እንደ ሜሪላንድ ያሉ ክፍለ ግዛቶች ከዚህ በላይ የራሳቸውን ምዝገባና ፈተና ይጠይቃሉ።

ስለ አመኔታ ካነሣን፣ አማርኛችሁን እንደ ጉድለት አትዩት። አክሰንቴ ያሳፍረኛል የምትሉ ሰዎች ይህን አስቡ። እቁብ የደረሰው አንድ ሰው 20,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ በፌስታል ይዟል። ጓደኛው «ከ10,000 በላይ ካስገባህ መንግሥት ይይዝሃል፤ 9,000፣ 9,000 አድርገህ ከፋፍለህ አስገባ» ይለዋል። ሰውየው ወንጀል የለበትም፤ ምክሩን ከሰማ ግን ወንጀል ይሠራል። በአሜሪካ ሕግ ባንኩ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበል ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ሪፖርቱ ክስ አይደለም፣ የተለመደ ወረቀት ነው። ያንን ሪፖርት ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን መቆራረጥ ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ይህን ለዚያ ሰው በአማርኛ፣ እቁብ ምን እንደሆነ ሳታስረዱት፣ ሳታስደነግጡት ልትነግሩት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ለባንኩም እቁብ ምን እንደሆነ ልታስረዱ የምትችሉት እናንተው ናችሁ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የቤት መሥሪያ ገንዘብ ያስቀመጠ የግሪን ካርድ ባለቤት በውጭ አገር ያሉት ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የሚባለውን ቅጽ በየዓመቱ መሙላት አለበት። ሕጉን የሚያውቀው ፈረንጅ ስለ አዲስ አበባው ሒሳብ መጠየቅ አይመጣለትም፤ ስለ ሒሳቡ የሚያውቀው ዘመድ ደግሞ ሕጉን አያውቅም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው በመላው ዋሽንግተን አካባቢ ይፈለጋል። የከተማው መስተዳድር ራሱ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሥር አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አርሊንግተን የሚገኘውና በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት በሥሩ አነስተኛ ብድር የሚሰጥ ድርጅት እስከመክፈት የደረሰው ባንክ የማያውቃቸውን መጤዎች የሚያውቅ ሰው ስለነበረው ነው።

«ታዲያ ነገ ምን ላድርግ?» ለምትሉ መልሴ አንድ ነው፤ ቪታ። አይአርኤስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው የበጎ ፈቃድ የግብር እርዳታ ፕሮግራም ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆኑ፣ አካል ጉዳት ላለባቸው፣ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ግብራቸው በነፃ ይሠራላቸዋል። የሚሠሩት ፈቃደኞች ናቸው። ልምድ አይጠየቅም፤ ሥልጠናው በነፃ ይሰጣል፣ ከዚያ ፈተና ወስዳችሁ ማረጋገጫ ታገኛላችሁ። ማዕከሎቹ ቤተ መጻሕፍትና የማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ሥራው ይጦፋል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትማሩትን የትኛውም ክፍል ውስጥ አትማሩትም። ከፊታችሁ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ደብልዩቱ የሚባለውን የደመወዝ ቅጽ ይዛ ትቀመጣለች፤ ከእሷ ቀጥሎ 1099 የሚባለውን የግል ሥራ ገቢ ቅጽ የያዘ የኡበር ሹፌር፤ ቀጥሎ ልጅ የሚያሳድጉ አያት፣ ልጁን በግብር ላይ ማን ይያዘው የሚል ጥያቄ ይዘው። ሹፌሩ ከተጣራ ገቢው ላይ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ግብር እንዳለበት ሲሰማ ይደነግጣል፤ የነዳውን ማይል መዝግቦ እንደሆነ ትጠይቁታላችሁ። አልመዘገበም። ለሚቀጥለው ዓመት እንዴት እንደሚመዘግብ ታሳዩታላችሁ። የሞላችሁትን ቅጽ ሌላ ፈቃደኛ ከላይ እስከ ታች ሳያጣራው አይላክም፤ ስለዚህ ስህተታችሁ ሰው ሳይጎዳ ይታረማል። ሚያዝያ 15 ሲያልፍ እጃችሁ ላይ የሚቀረው፦ በአሜሪካ መሥሪያ ቤት የተሰጠ ማረጋገጫ፣ በእጃችሁ የሠራችኋቸው ቅጾች፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ሥራችሁን ወቅቱን ሙሉ ያየ አስተባባሪ። ቀጣሪ ሲጠይቅ ስልኩን አንሥቶ «አውቃታለሁ» የሚለው እሱ ነው።

ፈቃደኛ የሚመዘገበው ግን ግብር ሲደርስ አይደለም፤ አስቀድሞ በመጸው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በአይአርኤስ ድረ ገጽ ገብታችሁ የቪታ ፈቃደኞች ምዝገባን ፈልጉ፤ ኮምፒዩተር ካስቸገራችሁ በአቅራቢያችሁ ያለው ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሳምንት አንድ ሺፍት መስጠት እንደምትችሉ ተናገሩ፤ አማርኛ መናገራችሁን ቅጹ ላይ መጻፍ እንዳትረሱ።